እጅ ሁን ተብሎ ተፈረደብኝ

ቤታችሁ ውስጥ የቆመ ነገር ካለ አሁኑኑ ሂዱና አስተኙት። መሰላልም ይሁን፣ ቁም ሣጥንም ይሁን፣ ግድግዳ የተደገፈ መጥረጊያም ይሁን፣ አስተኙት። የቆመ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይወድቃል። ሲወድቅ ደግሞ ባዶ መሬት ላይ አይወድቅም፤ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መርጦ፣ ክርክር የሚያውቀው ሰው ላይ ነው የሚወድቀው። እኔ ይህን የተማርሁት ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ፣ የእኔ ባልሆነ ታንኳ፣ ባልገፋው እጄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ እንድሪስ የሚባል የደልጊ ሰው ወዳጅ አለኝ። ታንኳ ይሠራል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ ባሕር ዳር በመጣ ቁጥር እኔ ቤት ባዶ እጁን ገብቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ወዳጅ እምቢ አይባልም። ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ጠዋት ደወለልኝ።

"መምህር፣ ወንድሜ ታሞብኝ በመኪና ወደ ደልጊ ልሄድ ነው። አዲሷ ታንኳዬ ውሃ ጠጥታለች። የሐይቁ ዳር ተቆፋፍሮ ማቆሚያ አጣሁላት። ወላሂ አደራ፣ ግቢህ አቁመህ አድርቅልኝ" አለኝ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ደግሞ ሐይቅ ዳር የሚበቅል፣ ውሃ ሲያገኝ የማይጠግብ ተክል ነው። ስለዚህ ታንኳ ከሐይቅ ሲወጣ እንደ ሰው ቀጥ ተደርጎ ይቆማል፤ ውሃው ይንጠፈጠፋል፤ ፀሐይ ይመታዋል። ተኝቶ የከረመ ታንኳ ይበሰብሳል። የሐይቁ ዳር ሰው ይህን ከእናት ጡት ጋር ነው የሚያውቀው። እኔ ሐይቅ የሌለበት የመሸንቲ ልጅ ነኝና ኋላ ነው የተማርሁት። "የቆመውን ሁሉ አስተኙ" ያልኋችሁን አያ እንድሪስ ቢሰማ ጉሮሮዬን ያንቀኛል፤ ይወቀው፣ አሁንም እላለሁ።

"አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ነውና ታንኳውን በጋሪ አስጭኜ ወደ ሰፈሬ ነዳሁ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያየኛል። አንዱ ባለባጃጅ ጭራሽ ፍጥነቱን ቀንሶ አጠገቤ እየሄደ፣ "መምህር፣ የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ? ለእኛም ንገረን እንጂ!" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ገና እስቅ ነበር።

ግቢ ስደርስ የቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩሰው ወገባቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ታንኳ ነው፣ እትዬ።"

"ታንኳነቱማ ይታየኛል። ግቢዬ ሐይቅ ነው?"

"ላደርቀው ነው። ጥግ ላይ አቆመዋለሁ።"

"ነፋስ ቢጥለውሳ?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን መምህር ነኝ፤ መምህር ደግሞ ጥያቄ ሲሰማ አፉ ራሱ ይከፈታል። "እትዬ፣ እኔ የጂኦግራፊ መምህር እኮ ነኝ። በዚህ ወር ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ አውቃለሁ" አልሁ። ይህችን ቃል ምን ጉድ አመጣኝና ተናገርኋት! ከዚያን ቀን ጀምሮ የተከተለችኝ እሷ ናት።

ታንኳውን ግንቡን አስደግፌ አቆምሁት። ሥሩን በድንጋይ አጠበቅሁት። አንዴ ገፋሁት፣ አልነቃነቅ አለ። ደግሜ ገፋሁት፣ ንቅንቅ የለም። ኮርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ የተማሪ ፈተና እያረምሁ ነበር። አባይን ወደ ሱዳን ሳይሆን ወደ ሶማሊያ ያስገባ ተማሪ ወረቀት ይዤ እየተናደድሁ ሳለ፣ ከደጅ ጓ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተከትሎ፣ "ወይኔ እጄን!" የሚል ጩኸት መጣ። ያን ድምፅ ሹም አቦ ውስጥ የማያውቀው የለም። የመሪጌታ ልሳነወርቅ ድምፅ ነው።

መሪጌታ ከግቢው ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ የአቋቋም ሊቅ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሐይቁ ማዶ ባለች አንዲት ደብር የጥር አስተርእዮን ማኅሌት ሲቆሙ ኖረዋል፤ መርተው ግን አያውቁም ነበር። ዘንድሮ ቀኙን ወገን እርስዎ ይምሩ ተብለው፣ ከመስከረም ጀምሮ ጸናጽላቸውን ሲወለውሉ፣ ለዝክሩም አንድ ቀይ በግ ሲቀልቡ ነው የከረሙት። ግቢው ሁሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ሮጬ ወጣሁ። ታንኳው መሬት ላይ ተዘርሯል። ከሥሩ የመሪጌታ ሁለት እግሮችና የጋቢያቸው ጫፍ ይታያሉ። የመሪጌታ በግ የተበጠሰ ቀይ የናይሎን ገመድ እየጎተተ ግቢውን ይዞራል። እትዬ ጥሩሰው ያሰጡትን በርበሬ ረግጦ በትኖታል። እሳቸውም፣ "በጉን ያዙ! በርበሬዬን! በጉን!" እያሉ ይጮኻሉ።

እንግዲህ ሰው ሲደነግጥ የሰማውን ይሠራል። በጉ በእግሮቼ መካከል ሊያልፍ ሲል አንገቱን ያዝሁት። ልብ በሉ፤ ሊቁ ከታንኳ ሥር "እጄን" ይላሉ፣ እኔ በግ አቅፌ ቆሜያለሁ። ይህም ኋላ በክሱ ውስጥ ገባብኝ።

በጉን ለቅቄ ታንኳውን ከጎረቤቶች ጋር አነሣን፤ ገልብጠን ወደ አጥሩ ሳር ወረወርነው። መሪጌታን ባጃጅ ላይ ጫንናቸው። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው በላይ አብጧል። መንገድ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ድንገት ገልጠው አዩኝ።

"በአእምሮ ነው በኢያእምሮ?" አሉኝ። አውቀህ ነው ሳታውቅ ማለታቸው ነው።

"ኧረ መሪጌታ! በኢያእምሮ ነው እንጂ!"

"በኢያእምሮ ለገደለ እንኳ በብሉይ የመማጸኛ ከተማ ነበረው" አሉ እያቃሰቱ። "ሹም አቦ ግን ከዚያ ውስጥ አልተቆጠረችም።"

አጥንቱ ተሰብሯል ተባለ። እጃቸው በጀሶ ታሰረ። መሪጌታ ሐኪሙን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ለአስተርእዮ ይደርስልኛል?" አሉት። ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። መሪጌታ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ አሳዘኑኝ። የተናደድሁት ኋላ ነው።

ቤት ስደርስ ሙሉቀን ጋ ደወልሁ። ሙሉቀን የባለቤቴ ወንድም ነው። ሕግ ተምሮ ጥብቅና ይዟል። ጥያቄ ስትጠይቁት ሌላ ጥያቄ የሚመልስ ዓይነት ሰው ነው።

"ሆን ብለህ ነው የጣልኸው?" አለኝ።

"ምን ሆኜ ነው ሆን ብዬ መሪጌታ ላይ ታንኳ የምጥል?"

"እሺ። ቸል ብለህ ነበር?"

"በድንጋይ አጥብቄው ነበር እኮ! ሁለት ጊዜ ገፍቼ አይቼዋለሁ!"

"እንግዲያ ጥፋት የለብህም ማለት ይቻላል።" ተነፈስሁ። "ግን" አለ። የሕግ ሰው "ግን" ሲል ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ። "ግን ጥፋት ባይኖርም ኃላፊነት ሊኖር ይችላል።"

"ያላጠፋሁትን?"

"ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነት እንዲህ ነው። አንዳንዱ በጥፋት ይመጣል፤ አንዳንዱ ያለ ጥፋት ይመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሌላው ባጠፋው ይመጣብሃል። ለምሳሌ በግህ አምልጦ ሰው ቢጎዳ፣ አንተ ተኝተህም ቢሆን ተጠያቂው አንተ ነህ።"

"እኔ በግ የለኝም!"

"ምሳሌ ነው እኮ።"

"ታንኳም የለኝም! ታንኳው የአያ እንድሪስ ነው!"

"በጥበቃህ ሥር ግን ነበር። እና ተጎጂው ራሱስ ጥፋት አለበት? ይኼ ይጣራል። በነገራችን ላይ፣ ሲወድቅበት እዚያ ምን ይሠራ ነበር?"

"ግቢያቸው ነው! ሰው በግቢው ምን ይሠራል? ይሄዳላ!" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት። እናንተ፣ የሕግ ሰው ሲጠይቃችሁ አትዝጉበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በግቢው ማንጎ ሥር ሽምግልና ተቀመጠ። እትዬ ጥሩሰው የግቢው እመቤት ናቸውና መሐል ተቀመጡ። ከጎናቸው ጋሽ ምንይችል አሉ፤ የጎረቤታችን የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፣ ጡረታ ወጥተዋል። የሰው ጠብ ሁሉ ለእሳቸው የመኪና ግጭት ነው። ባልና ሚስት ሲያስታርቁ እንኳ "ማን ነው ቅድሚያ የከለከለ?" ብለው ነው የሚጀምሩ። መሪጌታ በነጠላ ያንጠለጠሉትን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊቴ ተሰይመዋል።

"መጀመሪያ" አሉ ጋሽ ምንይችል፤ "ታንኳው ቆሞ ነበር ወይስ እየሄደ ነበር?"

"ቆሞ ነበር" አልሁ።

"መሪጌታስ?"

"እኔ... እየተንቀሳቀስሁ ነበር" አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ወደ ማንጎው ቅርንጫፍ አንሥተው።

"እንግዲህ የቆመን የገጨ ነው ጥፋተኛ። መሪጌታ፣ ታንኳ ገጭተዋል።"

ደስታዬን ለመደበቅ መሬት መሬት አየሁ። ጋሽ ምንይችል ግን አልጨረሱም። "ግን" አሉ፤ እሳቸውም "ግን" ያውቃሉ። "የቆመው በተፈቀደ ቦታ ነው?"

"እኔ አልፈቀድሁም!" አሉ እትዬ ጥሩሰው። "ነፋስ ይጥለዋል ብዬ ነግሬዋለሁ። እሱ ምን አለኝ? ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ አውቃለሁ አለኝ! አላውቅም ያለ ሰው ይማራል፤ አውቃለሁ ያለ ምን ይባላል? ደሞዝ የሚበላው ነፋስ እያስተማረ አይደለም እንዴ?"

ሰው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

"ኧረ በሕግ አምላክ!" ብዬ ተነሣሁ። "በዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም! ቅጠል አልተንቀሳቀሰም!"

"እንግዲያ ማን ጣለው?" አሉ ጋሽ ምንይችል።

የመሪጌታ በግ ከጓሮ "ባአአ" አለ። እኔም ተናድጄ፣ "አንተ ደግሞ ዝም በል!" አልሁት። እግዜር ያሳያችሁ!

"ሰው ወድቆ በግ ማቀፉስ?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። የተናገረውን እስካሁን አላወቅሁትም፤ ባውቀው ጥሩ ነበር።

በመጨረሻ እትዬ ጥሩሰው ወደ መሪጌታ ዞሩ። "መሪጌታ፣ ምን ይደረግልዎ?"

መሪጌታ ጥቂት አሰቡና፣ "እጅ" አሉ።

"እንዴት?"

"እጄ ሄዷል። እጅ ይሰጠኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሸኩ። ፍርዱም ወጣ፤ መምህሩ የመሪጌታ እጅ እስኪድን ድረስ ቀኝ እጃቸው ይሁን፤ እጃቸው ለአስተርእዮ ካልደረሰላቸውም አብሯቸው ቆሞ ጸናጽላቸውን ይያዝ። ታንኳው ማስረጃ ነውና ማንም እንዳይነካው። ይኸው ነው። ይግባኝ የለ፣ ምን የለ። ሙሉቀን ሲሰማ፣ "በሕግ እንዲህ ያለ ካሣ አይቼ አላውቅም፤ ግን ደስ ይላል" አለኝ። እሱን ደስ አለው!

እጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ የዚያኑ ዕለት ማዕድ ላይ ነው። መሪጌታ በግራ እጃቸው እህል ነክተው አያውቁም፤ "በእርጅናዬ አልጀምርም" አሉ። ስለዚህ አጎርሳለሁ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት የለም፣ ጾም ነው፤ ነገር ግን ሲፈታ በሰዓቱ ካልደረስሁ ጎረቤት ይላክብኛል።

"ይኼ ጉርሻ ነው? ለጫጩት ነው የምትበትን?"

እሺ ብዬ አበዛለሁ።

"ልትገድለኝ ነው? ያን ጊዜ ደግሞ የነፍስ ዕዳ ይመጣብሃል!"

ሲያማትቡም እኔ ነኝ። በጸሎት መሐል "እጅ!" ይላሉ፤ ከግንባራቸው እስከ ደረታቸው አማትባለሁ። አንድ ቀን ቸኩዬ በራሴ ላይ አማተብሁ። "ያንተ መዳን ለብቻው ይታያል፤ የእኔን መልስ" አሉኝ። ዝንብ ሲመጣ እጅ። ጆሯቸውን ሲበላቸው እጅ። "ትንሽ ወደ ላይ፣ አይደለም፣ እሱ ላይ፣ አዎ፣ ኧረ ቀስ!" ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"እኔን አንድ ቀን እንዲህ አጉርሰኸኝ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"አንቺ እጅ አለሽ!"

"እንግዲያ ታንኳ ይውደቅብኝ።"

ከሁሉ የባሰው በጉ ነው። የመሪጌታ እጅ ስለሆንሁ በጉን የምቀልበው፣ የማጠጣው፣ የማስረውም እኔ ነኝ። ያ ቀይ ገመዱ ከተበጠሰ ወዲህ አጥሮ፣ ቋጠሮ የማይዝ ሆኖ አስቸገረኝ። "መሪጌታ፣ ለዚህ በግ ሌላ ገመድ ይፈለግለት" ስላቸው፣ "ይበቃዋል፤ ስለ ገመድ አታንሣብኝ" ብለው ወደ ጸሎታቸው ይመለሳሉ። በጉም እኔን እያየ ሲያመሰኳ የሚስቅ ይመስለኛል።

ጀሶው ሲፈታ እጃቸው ቀጥኖ፣ እንደ ሕፃን እጅ ለስልሶ ወጣ። ጸናጽሉን ለመያዝ ሞከሩ፤ ከጣታቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ጮኸ። ከዚያ በግራ እጃቸው አንሥተው ሰጡኝ።

"ያዝ እንግዲህ" አሉ።

"መሪጌታ፣ እኔ እኮ ጨዋ ነኝ። ዜማ አልተማርሁም። በሠርግ እንኳ ጭብጨባ ይጠፋብኛል።"

"ድምፁ የእኔ ነው። አንተ እጅ ነህ። እጅ ያዘዙትን ይሠራል።"

ተጀመረ። ወደ ታች ሲሉኝ ወደ ላይ፣ ዝግ በል ሲሉኝ ችኩል። "ይኼ ጸናጽል ነው እንጂ የዱቄት ወንፊት አይደለም!" ይሉኛል። ግቢው ሁሉ በሩን መዝጋት ጀመረ። ክፍል ውስጥ ስለ ዝናብ ሳስተምር ጠመኔ የያዘች እጄ ብቻዋን ትወዛወዛለች፤ ተማሪ ይስቃል። እኔ ግን ከንዴቴ ይልቅ የጨነቀኝ ሌላ ነው። እኒያ ሰውዬ ዕድሜያቸውን የጠበቁት ቀን በእኔ እጅ ላይ ነው ያለው። ባበላሸው ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል።

የአስተርእዮ ዋዜማ ጠዋት አያ እንድሪስ ከደልጊ መጣ። ወንድሙ ድኖለታል፤ ፊቱ በርቷል። ፊቱ የጠቆረው ታንኳውን ሲያይ ነው።

"ያ ረቢ! አስተኝታችኋት ከረማችሁ?"

"አያ እንድሪስ፣ ማስረጃ ናት ተብሎ..."

"ምን አባቷ ታስረዳለች? በስብሳለች እኮ!"

ታሪኩን ሁሉ ነገርሁት። እየሰማ ጺሙን ይዞ ቆየ። መሳቅ ፈልጎ ያፈረ መሰለኝ። ኋላ፣ "በል ና፣ እናውጣት። ደንገል አይጠፋም፤ ሌላ እሠራለሁ። ለማድረቅ ግን አንተ ጋ አላመጣትም" አለኝ።

ከሳሩ ውስጥ አነሣነው። እኔ በሥሩ በኩል ነበርሁ። እጄን አስገብቼ ስስበው የሆነ ነገር ጣቶቼን ያዘኝ። አየሁት። በታንኳው ሥር ዙሪያ የተቋጠረ ቀይ የናይሎን ገመድ፤ ጫፉ የተበጠሰ። ያን ገመድ ሌላ ሰው ላያውቀው ይችላል። እኔ ግን ከወር በላይ ሌላኛውን ጫፍ ስቋጥር የከረምሁ ሰው ነኝ!

ሁሉም ነገር በየተራ መጣልኝ። ነፋስ አልነበረም። በጉ ገመድ እየጎተተ ነበር። ዓይናቸው ወደ ማንጎው። "ስለ ገመድ አታንሣብኝ።" ሙሉቀን፣ "እዚያ ምን ይሠራ ነበር?" ያለኝ። ምን ይሠሩ ነበር? በጋቸውን እኔ ባቆምሁት ታንኳ ሥር ያስሩ ነበራ! በጉ ሲጎትት ታንኳው ከሥሩ ተንሸራቶ ጌታውን መታ! እኔም ጥፋተኛውን በግ እያጠጣሁ፣ የጥፋተኛውን ጌታ ጆሮ እያከክሁ ከረምሁ!

ገመዱን በጡጫዬ ይዤ የመሪጌታን በር በረገድሁት። ነጭ ለብሰው፣ ለጉዞ ተሰናድተው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ገመዱን ፊታቸው አንጠለጠልሁት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

አዩት። እንደ ልማዳቸው ግዕዝ ይጠቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አልጠቀሱም።

"ገመድ ነው" አሉ።

"በጉን ማን ነው ታንኳ ላይ ያሰረው?"

"እኔ ነኝ።"

"ያውቁ ነበር?"

"ከታንኳው ሥር ሆኜ አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ምነው! ምነው መሪጌታ! በሰፈር ፊት ስወቀስ፣ ነፋስ አያውቅም ስባል፣ ምነው ዝም አሉ?"

"ጥፋቱ የማን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ምን ይደረግልዎ ነው ያሉኝ። እጅ አልሁ።" የቀጠነ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አገላበጡት። "ብናገር ኖሮ ማን ያጎርሰኝ ነበር? በጉ?"

ንዴቴ ባሰ። "እንግዲያ ማኅሌቱንም ከበጉ ጋር ይቁሙ!" ብዬ ወጣሁ። ግቢው መሐል ቆሜ፣ "ነጻ ነኝ! ስሙኝ፣ ነጻ ነኝ!" ብዬ ጮኽሁ። እትዬ ጥሩሰው በመስኮት ብቅ ብለው፣ "ደግ፤ በርበሬዬንስ ማን ይተካል?" አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ምሳ ቀረበ። ባለቤቴ ነገሩን ሰምታለች። በንዴት አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለልሁ። እጄ ግን ወደ አፌ አልመጣችም፤ ከልማዷ የተነሣ ተዘርግታ አየር ላይ ቀረች። ባለቤቴ አየቻት፤ ጠጋ ብላ አፏን ከፈተችና ጉርሻውን ጎረሰችው።

"በመጨረሻ ደረሰኝ" አለች። አላመጠች፤ ዋጠች። "በል ነጠላህን ልበስ። ወደ ደብሩ የሚሻገረው ጀልባ ሊነሣ ነው።"

ሮጥሁ። ወደብ ስደርስ መሪጌታ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በጉ ከእግራቸው ሥር ተጋድሟል። ጸናጽሉን በግራ እጃቸው ይዘው በዝግታ ይሞክራሉ፤ ድምፁ እንደተሰበረ ዕቃ ነው። ሲያዩኝ ጸናጽሉን ዘረጉልኝ፤ ተቀበልኋቸው። በጉን ግን አላየሁትም፤ እኔና እሱ ተኳርፈናል።

ሌሊቱን ቆምን። እኒያ ሰውዬ አፋቸውን ሲከፍቱ በግቢያችን የማውቀው ነጭናጫ ሽማግሌ የት እንደሄደ እንጃ። ቀኙ ወገን በሙሉ በእሳቸው ድምፅ ይነሣል፣ በእሳቸው ድምፅ ይወድቃል። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ወደ ታች ሲሉ ወደ ታች፣ ዝግ ሲሉ ዝግ፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ሁሉ ጸናጽሉን ሲያወርድ የእኔ እጅ ብቻዋን ከላይ ቀረች። አንድ አረጋዊ ካህን ዞረው ገላመጡኝ። መሪጌታ ጭንቅላታቸውን ሳያዞሩ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ፣ "በኢያእምሮ ነው" አሏቸው።

በማግሥቱ ለዝክር ተቀመጥን። ተከሳሹ በወጥ መልክ ቀረበ። ደስ እያለኝ ልበላ ስል መሪጌታ "ቆይ" አሉኝ። በዚያች በቀጠነች ቀኝ እጃቸው እንጀራ ቆረሱ። ጠቀለሉ፤ ተበተነ፤ እንደገና ጠቀለሉ። ወደ አፌ ሲያመጡት ግማሹ ነጭ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ። ግማሹ ደረሰኝ። ጣፋጭ በግ ነበር፤ ልክድ አልችልም።

የወጡ እድፍ ግን እስካሁን አልለቀቀም። ባለፈው ሙሉቀን ጋ ደወልሁና፣ "ነጠላ ሲበላሽ ኃላፊነቱ የማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ማን አፈሰሰብህ?"

"የመሪጌታ ቀኝ እጅ።"

ጥቂት አሰበ። "በሽምግልናው መሠረት የመሪጌታ ቀኝ እጅ አንተ አልነበርህም እንዴ?"

ስልኩን ዘጋሁበትና ሳሙናዬን ይዤ ወደ ቧንቧው ወረድሁ።